የ25 ኪሎ የዱቄት ከረጢት ክብደት አልረጋ አለን፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ጠያቂ፣ ከቡሬ

ጤና ይስጥልኝ። ቡሬ አካባቢ በሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። የስንዴ ዱቄት በ25 ኪሎ ከረጢት እናሽጋለን፤ የቤቱ ደንብም ከ250 ግራም በላይ እንዳይጎድልም እንዳይተርፍም ያዛል። መሙያ ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ እጅግ ትጉህ ነው። የወጣውን ከረጢት ሁሉ ሚዛን ላይ ያወጣና 100 ግራም ጎድሎ ካገኘው መሙያውን ወዲያውኑ በ100 ግራም ከፍ ያደርገዋል፤ ተርፎ ካገኘውም በዚያው ልክ ዝቅ ያደርገዋል። እንዲህ እየለፋ ክብደቱ ግን ከቀን ወደ ቀን መዋዠቁ ብሶበታል። ባለፈው ሳምንት የደብረ ማርቆስ ደንበኛችን ጎደሎ ከረጢቶች መለሰብን፤ ሥራ አስኪያጁም «ቸልተኛ ነው» ብሎ ልጁን ከደመወዙ ሊቀጣው ተነሥቷል። ጥፋቱ ከሰውየው ይሁን ከማሽኑ በቁጥር የማሳይበት መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

የስታቲስቲክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

እህቴ፣ ቅጣቱ ለጊዜው ይቆይ ዘንድ አለቃዎን ይለምኑልኝ፤ የነገሩኝ ችግር የመጣው ከትጋት እንጂ ከስንፍና አይመስልም። ማንኛውም መሙያ ማሽን ምንም ሳይበላሽና ማንም ሳይነካው ሁለት ከረጢት በትክክል እኩል አይሞላም። ዱቄቱ ሲወርድ አንዴ ይጠቀጠቃል፣ አንዴ ይሳሳል፤ መዝጊያውም ጥቂት ይዘገያል ወይም ይቀድማል። እነዚህ ሁልጊዜ ያሉ ጥቃቅን ምክንያቶች የጋራ ምክንያቶች ይባላሉ። ቀበቶ ሲላላ ወይም ዱቄቱ በክረምት ርጥበት ሲይዝ የሚመጣው ለውጥ ግን ተፈልጎ የሚገኝ የራሱ ልዩ ምክንያት አለው። የጥራት ቁጥጥር ስታቲስቲክስ ዋና ሥራው እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

ልጁ የሚያደርገውን በቅርብ እንየው። አንዱ ከረጢት እንዲያው በአጋጣሚ 120 ግራም ጎደለ እንበል። እርሱ መሙያውን በ120 ከፍ አደረገው። ቀጣዩ ከረጢት ባይነካ ኖሮ በአጋጣሚ 80 ግራም ይተርፍ ነበር፤ አሁን ግን 200 ተረፈ። በዚህ ደንግጦ በ200 ዝቅ ያደርገዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ያንን ተሸክሞ ይወጣል። ማሽኑ የረጋ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ልዩነት በሙሉ እየተከተሉ ማስተካከል ልይይቱን፣ ማለትም ከአማካዩ ያሉት ርቀቶች ካሬ አማካይን፣ እጥፍ ያደርገዋል፤ የዚህ ካሬ ሥር የሆነው፣ ስፋቱን በግራም የሚነግረን መደበኛ ልይይትም በ41 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ልጁ እጁን ቢሰበስብ ብቻ ክብደቱ ሳይሻሻል አይቀርም።

መቼ መንካት እንደሚገባ የሚነግረውን የቁጥጥር ቻርት ያወጣው አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዋልተር ሼውሃርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924፣ የስልክ ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ ሲሠራ፣ በአንዲት አጭር ማስታወሻ ላይ ነድፎ ለአለቃው አቀረበው። እርስዎም እንዲህ ያድርጉ፦ መሙያውን ማንም ሳይነካ በየሰዓቱ በተከታታይ የወጡ 5 ከረጢቶችን ይመዝኑ። የአምስቱን አማካይ፣ እንዲሁም በትልቁና በትንሹ መካከል ያለውን ርቀት፣ ማለትም ሬንጁን፣ ይጻፉ። 25 ጊዜ ሲሞላ የአማካዮቹን አማካይ ያውጡና መካከለኛ መስመር ያድርጉት። የሬንጆቹን አማካይ በ0.577 አባዝተው ከመካከለኛው መስመር ላይ ሲደምሩ የላይኛው ወሰን፣ ሲቀንሱ የታችኛው ወሰን ይወጣል። የሬንጁ የራሱ ላይኛ ወሰን ደግሞ አማካዩ በ2.114 ተባዝቶ ነው። ቁጥሮቹ የሚያገለግሉት ናሙናው 5 ሲሆን ብቻ ነው። የየሰዓቱን አማካይና ሬንጅ በነጥብ በየቻርቱ ላይ ያስፍሩ፤ ነጥብ ከወሰኑ ሲወጣ፣ ወይም 8 ነጥቦች በተከታታይ በመካከለኛው መስመር በአንድ ወገን ሲሰለፉ ምክንያቱን ይፈልጉ፤ አለዚያ ማሽኑን ይተዉት።

አደራ፣ የቤቱን የ250 ግራም ደንብ በዚህ ቻርት ላይ እንዳያሰምሩት። ደንቡ ስለ አንድ አንድ ከረጢት ሲናገር ቻርቱ የአምስት አማካይ ስለሚያሳይ፣ ሁለቱን ማቀላቀል ብዙ ሰው ያሳስታል።

መካኒክ፣ ከፍኖተ ሰላም

መምህር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ሚዛኑን አስቀድመሽ እንድትፈትሺ ነው። አንዱን ከረጢት እያወረድሽ እያወጣሽ 10 ጊዜ መዝኚው፤ ሚዛኑ ራሱ 50 ግራም የሚለዋወጥ ከሆነ ቻርቱ የሚለካው ሚዛኑን እንጂ ዱቄቱን አይደለም።

የውኃ ማሸጊያ ሠራተኛ፣ ከእንጅባራ

በየነጥቡ ጎን የሆነውን ሁሉ ጻፊ፤ ሽፍት ሲቀየር፣ መብራት ሲጠፋ፣ አዲስ ስንዴ ሲገባ። እኛ ዘንድ ያለዚያ ማስታወሻ ነጥቡ ለምን እንደወጣ ማንም ሊያስታውስ አልቻለም ነበር።

ጠያቂ፣ ከቡሬ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሚዛኑ በ10 ጊዜ ከ10 ግራም በላይ አልተለዋወጠም። 25ቱ ናሙና አልቆ አማካዩ 25.06 ኪሎ፣ የሬንጁ አማካይ 200 ግራም ሆነ። ወሰኖቹ 24.945 እና 25.175 ኪሎ፣ የሬንጁ ወሰን ደግሞ 423 ግራም ወጣ። ሬንጁ አንዴም አላለፈም፤ ከአማካዮቹ ግን ሦስቱ ከታችኛው ወሰን ወረዱ። ማስታወሻዬን ሳየው ሦስቱም መብራት ጠፍቶ በመጣበት ሰዓት የተመዘኑ ናቸው።

የስታቲስቲክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

በጣም ጥሩ ሠርተዋል። ምክንያታቸው ስለታወቀ ሦስቱን አውጥተው ወሰኖቹን በ22ቱ እንደገና ያስሉ። የሬንጁ አማካይ ከ200 ብዙ ካልራቀ፣ በ2.326 (ይህም ለ5 ናሙና የሚያገለግል ቁጥር ነው) ሲካፈል የከረጢቶቹ መደበኛ ልይይት 86 ግራም ገደማ ይሆናል። ከአማካዩ በላይም በታችም ሦስት ሦስት እጥፉ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከረጢት ስለሚይዝ ስድስት እጥፉን እንወስዳለን፤ እርሱም 516 ግራም ነው፤ ደንባችሁ የፈቀደው ጠቅላላ ስፋት ግን 500 ነው። ማለትም ማሽኑ ረግቶ፣ በልኩ መሐል ላይ ተስተካክሎ እንኳ ቢሠራ፣ አልፎ አልፎ ከደንቡ የሚወጣ ከረጢት መኖሩ አይቀርም። ያንን ስፋት ማጥበብ የማሽኑ ባለቤት ሥራ ነው፤ ጥገና ወይም ቀስ ብሎ መሙላት ይጠይቃል፤ ከልጁ ደመወዝ ላይ በመቁረጥ አንድ ግራም አይጠብም። አሜሪካዊው የጥራት ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሲያስተምር የኩባንያ አለቆችን ለብቻ የሰበሰበው ይህ ዓይነቱ ኃላፊነት የእነርሱ ስለሆነ ነው። ይህችን ስሌት በአንድ ገጽ ጽፈው ለሥራ አስኪያጁ ይስጡት።

ጠያቂ፣ ከቡሬ

ዛሬ ሰጠሁት፤ ቅጣቱን ለጊዜው አቁሞ የመዝጊያው ጎማ እንዲታይ አዝዟል። ጋሼ መካኒክ፣ መብራት ሲመጣ የሚጎድሉትን ከረጢቶች ግን ምን ላድርጋቸው?

መካኒክ፣ ከፍኖተ ሰላም

መብራት ሲጠፋ መጋቢው በከፊል ይራቆታል፤ እስኪሞላ ድረስ ዱቄቱ ሳስቶ ይወርዳል። ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ከረጢቶች አትስፏቸው፤ ወደ ማጠራቀሚያው መልሳችሁ ገልብጧቸው። ስንት ከረጢት እንደሚበቃ ለማወቅ በሚቀጥለው ጊዜ ከአንደኛው ጀምረሽ 10 ከረጢት በተራ መዝኚና ክብደቱ የቱ ላይ እንደሚረጋ እዪ። የጎማውንም ውጤት ንገሪን፤ ጠርዙ ተበልቶ ከሆነ የዚያን የ200 ግራም ሬንጅ ግማሽ ምክንያት ያገኘሽው ይመስለኛል።