የልጆቹን የአባት ወገን በቨርጂኒያ የመሬትና የጋብቻ መዛግብት መፈለግ

ጥያቄ፣ ከአዘዞ

እህቴ ያገባችው በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት ተወላጅ ነው። ልጆቻቸው ለጥምቀት ጎንደር በመጡ ጊዜ አባታችን የእናታቸውን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው አስጠኗቸው፤ የአባታቸውን ወገን ግን እ.ኤ.አ. ከ1850 ወደ ኋላ መቁጠር አልቻልንም። በዚያ ዓመት የሕዝብ ቆጠራ ቤተሰቡ ሁሉ በየስሙ ሲጻፍ፣ ከዚያ በፊት የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነበር። ሚስቲቱም በባሏ ቤተሰብ ስም ስለተጠራች የማን ልጅ እንደሆነች አላወቅንም። ልጆቹ ሁለቱንም ወገን እኩል እንዲያውቁ አጥብቄ እመኛለሁ። የድሮ የመሬትና የጋብቻ መዛግብትን የመረመረ ሰው ቢመራኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከቀሐ

ከመሬቱ ይጀምሩ። በቨርጂኒያ የመሬት ሽያጭ ውል የሚመዘገበው በካውንቲው፣ ማለትም በግዛቱ ሥር ባለው አውራጃ፣ ፍርድ ቤት ነበር። ባል መሬት ሲሸጥ፣ ሚስቱ እሱ ቢሞት ከመሬቱ ሊደርሳት የሚገባውን ሲሶ ወድዳ መልቀቋን ባሏ በሌለበት ተጠይቃ ቃሏ ይጻፍ ነበር። በአንድ ውል አንዲት ሚስት፣ ከዓመታት በኋላ በተጻፈው ሌላ ሚስት ከተጠቀሰች፣ የትኛው ልጅ ከየትኛዋ እንደተወለደ ለመለየት ይረዳዎታል።

ከሁሉ በላይ እማኞቹንና አዋሳኞቹን አንድም ሳያስቀሩ ይቅዱ። በጎንደር ዘመን በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉትን የመሬት ሽያጮች ያነበበ ሰው፣ የእማኞቹ ዝርዝር ከገዥና ከሻጭ ስም የማይተናነስ ጥቅም እንዳለው ያውቃል። በቨርጂኒያም አማትና የሚስት ወንድም በእማኝነት ወይም በአዋሳኝነት ደጋግመው ይገኛሉ፤ አንድ ስም ከቤተሰቡ ጎን በብዙ ውሎች ላይ ከታየ የሚስቲቱን አባት እዚያ ቤት ይፈልጉ።

ወደ 1600ዎቹ ከደረሱ፣ አንድን ሰው ከባሕር ማዶ ላመጣ 50 ኤከር፣ ማለትም 20 ሄክታር ገደማ፣ ይሰጥ ስለነበር በሰነዶቹ ውስጥ የተጓዦች ስም ተዘርዝሮ ያገኛሉ። ይህ መብት ከእጅ ወደ እጅ ይሸጥ ስለነበር ግን የሰነዱን ዓመት ሰዎቹ የመጡበት ዓመት አድርገው አይውሰዱት። ከ1623 ጀምሮ ያሉት የመሬት ሰነዶች በሪችመንድ ከተማ በቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በኢንተርኔትም ይታያሉ።

መልስ፣ ከአራዳ

ለጋብቻው የዋስትና ሰነዱን ይፈልጉ። ሰማንያ ሲታሰር በእኛ ዘንድ ዋስና እማኝ እንደሚቆመው ሁሉ፣ በዚያም ሙሽራውና አንድ ዋስ ጋብቻውን የሚከለክል ምክንያት ቢገኝ ገንዘብ እንደሚከፍሉ ይፈርሙ ነበር። ዋሱ ብዙውን ጊዜ የሙሽራዪቱ አባት ወይም ወንድም ስለሆነ፣ እርስዎ የሚፈልጉት የእርሷ ትውልድ ያለው በዚያ ፊርማ ላይ ሊሆን ይችላል። ዕድሜዋ 21 ካልሞላም አባቷ የፈቀደበት ወረቀት አብሮ ይገኛል። ሰነዱ ለማግባት መታሰቡን እንጂ ጋብቻው መፈጸሙን አያረጋግጥም፤ መፈጸሙን የሚያሳየው ያጋባው ቄስ ለካውንቲው የላከው ዝርዝር ነው።

ጠያቂው፣ ከአዘዞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእህቴ ባል እንደነገረኝ የካውንቲያቸው ፍርድ ቤት በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ተቃጥሏል። ይህ ከሆነ በሩ ተዘጋ ማለት ነው?

መልስ፣ ከቀሐ

አልተዘጋም። ከ1782 ጀምሮ የመሬትና የንብረት ግብር ከፋዮች በየዓመቱ ይመዘገቡ ነበር፤ ቅጂውም ወደ ሪችመንድ ይላክ ስለነበር ፍርድ ቤታቸው የተቃጠለባቸው የብዙ ካውንቲዎች ዝርዝር ተርፏል። ካውንቲው ከሌላ ተከፍሎ የወጣ ከሆነ ደግሞ ከመከፈሉ በፊት ያለው መዝገብ በእናት ካውንቲው ስለሚቀር እዚያም ይጠይቁ። ከ1752 በፊት የተጻፈ ቀን ሲያገኙ ይጠንቀቁ፤ እስከዚያ ድረስ አዲሱ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ስለነበር፣ ፌብሩዋሪ 1740 ተብሎ የተጻፈው በዛሬው የፈረንጆች አቆጣጠር 1741 ነው። ከግብር ዝርዝሩ የአባትየው ስም ወጥቶ በዚያው መሬት ልጁ የተተካበትን ዓመት ካገኙ፣ አባትየው በዚያ ሰሞን ሞቶ ሊሆን ስለሚችል ኑዛዜውን ከዚያ ዓመት አካባቢ ጀምረው ይፈልጉ።