የግላኮማ ምርመራ ዕቅድ፦ ግፊት ለክቶ መሸኘት ይበቃል?

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ግላኮማን፣ ማለትም የዓይን ነርቭን የሚጎዳውን በሽታ፣ ለመለየት ያዘጋጀሁት ረቂቅ 1 ይኸው። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ አባላትና ቤተሰቦቻቸው የዓይን ግፊት ይለካሉ፤ ከ21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የበለጠው ወደ ሐኪም ይላካል። የጎደለውን ሙሉበት።

ኦፕቶሜትሪስት (የእይታ ምርመራ ባለሙያ)፦
21 ላይ መቁረጡ አልተዋጠልኝም። ግፊቱ 16 ሆኖ ነርቩ የሚጎዳ አለ፤ 24 ሆኖ ምንም ያልነካውም አለ። ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይኑ የፊት ግልጽ ሽፋን፣ የሳሳ ሰው ደግሞ (አማካይ ውፍረቱ 540 ማይክሮን ገደማ ነው) በግፊት መለኪያው በቶኖሜትሩ ላይ ከእውነተኛው ግፊት ያነሰ ቁጥር ያሳያል። እኔን የሚያሳስበኝ «ደህና ነዎት» ብለን የምንሸኘው ሰው ነው፤ ተመልሶ አይመጣማ። የዓይን ነርቩ ጫፍ ይታይ። መሃሉ ላይ ያለው ጉድጓድ ከሰፋ፣ ወይም በግራና በቀኝ ዓይን መካከል ጉልህ ልዩነት ካለ፣ ግፊቱ ስንትም ይሁን ይላክ።

የዓይን ነርስ፦
ትክክል። የፊደል ገበታ ማስነበቡም አያታልለን። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የእይታውን መሃል የሚነካው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሰውዬው የታችኛዋን መስመር አንብቦ ሲወጣ የበሩን መቃን በትከሻው ሊገጭ ይችላል።

የዓይን መድኃኒት ጠብታ አጨማመር ልምምድም ይግባ፤ በውሃ ወይም በሰው ሠራሽ እንባ ይሠራል። እጅን ታጥቦ ቀና ማለት፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍት ሳይነካ 1 ጠብታ ማድረግ፣ ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ2 ደቂቃ መጫን። ሁለተኛ ጠብታ መደረብ መድኃኒቱን ጉንጭ ማጠጣት ነው።

የፋርማሲ ባለሙያ፦
ያ ጥግ ካልተጫነ መድኃኒቱ በእንባ ቦይ ወደ አፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል። ቲሞሎል (የዓይን ግፊት የሚቀንስ ጠብታ) ከሆነ አስም ያለበትን ወይም የልብ ምቱ የዘገየውን ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ቅጹ ላይ ሁለቱም ይጠየቁ። ሁለት ዓይነት ጠብታ የሚጠቀም በመካከሉ 5 ደቂቃ ይጠብቅ።

የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ስለ ስቴሮይድ (ማሳከክና መቅላት የሚያስታግስ መድኃኒት) ጠብታ ይሁንልኝ። ለማሳከክ ብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት የሚጨምር ሰው ማሳከኩ ይተወውና ግፊቱ ሳይታወቀው ይወጣል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ሁሉም ረቂቅ 2 ውስጥ ገብቷል። የእይታ መስክ ምርመራ (ከመሃል እስከ ዳር ምን ያህል እንደሚታይ የሚለካው) ጊዜ ስለሚወስድ ነርቩ ላጠራጠረን ሰው ብቻ ይሠራል። በሽታው የተገኘበት ሰው እህት፣ ወንድምና ልጆች ይጠራሉ።

የዓይን ነርስ፦
አንድ ቀረ። ዓይኑ በድንገት ቀልቶ ከባድ ሕመም ያለው፣ በመብራት ዙሪያ ቀለበት የሚታየው፣ የሚያስመልሰው ሰው ከመጣ ወረፋ አይያዝ፤ በሰዓታት ውስጥ እይታውን ሊያጣ ስለሚችል ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። የሚያደርሰው ሰው አሁኑኑ ይመደብ።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ለሁለት ተረኞች ቦታ ከፍቻለሁ፤ ፈቃደኞች እዚሁ አሳውቁኝ።