ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ማን ይምጣ? የኤስኤቲ ሰዋስው ጥያቄ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለኤስኤቲ (ለአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ) ፈተና በመዘጋጀት ላይ የምገኝ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ደጋግሜ የምሳሳተው ዓረፍተ ነገሩ በገላጭ ሐረግ ሲጀምር ነው። አንድ መለማመጃ «ትሬይንድ አት ዘ ስሌድ ስኩል ኢን ለንደን» (በለንደኑ የስሌድ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሠለጠነ) ብሎ ይጀምርና ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ክፍት ቦታ ይተዋል። እኔ «አፈወርቅ ተክሌስ ዊንዶውስ አዶርን አፍሪካ ሆል» (የአፈወርቅ ተክሌ መስኮቶች አፍሪካ አዳራሽን ያስውባሉ) የሚለውን መረጥሁ፤ ትክክለኛው ግን «አፈወርቅ ተክሌ ዲዛይንድ ዘ ዊንዶውስ ኦፍ አፍሪካ ሆል» (አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽን መስኮቶች ነደፈ) ሆኖ ተገኘ። በሁለቱም የሠዓሊው ስም ቀድሞ ሳለ የእኔው ለምን እንደ ተጣለ አልገባኝም።

አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት፦
ውድ ጠያቂ፣ የስሙ መቅደም ብቻውን አይበቃም። በስሙ መጨረሻ የተጨመረችው «ስ» እኛ «የአፈወርቅ መስኮቶች» ስንል «የ» የምትሠራውን ሥራ ስለምትሠራ፣ በመረጡት ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ሠዓሊው ሳይሆን መስኮቶቹ ናቸው። በለንደን የሠለጠኑትም መስኮቶቹ ይሆናሉ ማለት ነው።

የስሕተቱ ሥር ግን ከዚህ የጠለቀ ይመስለኛል፤ ከገዛ ቋንቋችን የሚመጣ ነውና ጥቂት ላብራራው። በአማርኛ «ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ዝናብ መታኝ» ብንል ማን እንደ ሄደ የሚጠራጠር የለም፤ «ስሄድ» የሚለው ግስ «እኔ»ን በውስጡ ይዟልና። የሄደችው እርሷ ብትሆን «ስትሄድ» እንላለን። የእንግሊዝኛው «ዎኪንግ ቱ ስኩል» ግን የማንም ምልክት የለበትም፤ እኔ ብሄድም እነርሱ ቢሄዱም ቃሉ ያው ነው። አድራጊውን የሚያገኘው ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ከሚመጣው ባለቤት ብቻ ስለ ሆነ፣ «ዘ ሬይን» ብለን ከቀጠልን ትምህርት ቤት የሄደው ዝናቡ ይሆናል። በአማርኛ ጆሮ ስለምንሰማው ግን ጉድለቱ ቶሎ አይታወቀንም።

ቀደም ሲል የተፈተነ፦
የመምህርቷ ማብራሪያ ትክክል ነው። እኔ ስዘጋጅ «ሰው ያለበትን ምርጫ ውሰድ» የሚል ምክር ሰምቼ ብዙ ጥያቄ ተበላሽቶብኛልና ሌሎች እንዳይከተሉት እለምናለሁ። «ኮምፕሊትድ ኢን 1961» ብሎ ሲጀምር የተጠናቀቀው ሕንፃው ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ መምጣት ያለበት «አፍሪካ ሆል» እንጂ ሠዓሊው አይደለም። ምርጫዎቹን ከማየቴ በፊት ሐረጉን ብቻ አንብቤ «ማን ነው? ምንድን ነው?» ብዬ መጠየቅ ከጀመርሁ ወዲህ የእያንዳንዱን ምርጫ ባለቤት ማየት በአብዛኛው በቅቶኛል። በአንድ የንባብና የጽሑፍ ሞጁል (የፈተናው ንዑስ ክፍል) 27 ጥያቄዎች በ32 ደቂቃ ስለሚሠሩ፣ በዚህ የምትተርፈው ጊዜ ለረዣዥሞቹ ምንባቦች ትጠቅማለች።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐረጉን ራሱን «ዋይል አይ ዎዝ ዎኪንግ ቱ ስኩል» ብሎ ማስተካከልስ አይቻልም?

መምህርቷ፦
ይቻላል፤ በድርሰትም ብዙ ጊዜ የተሻለው መንገድ እርሱ ነው። «አይ» የሚለውን ባለቤት ሐረጉ ራሱ ስለያዘ፣ ከዚያ በኋላ «ዘ ሬይን» ቢመጣ ምንም ስሕተት የለበትም። እርስዎ በጠቀሱት ዓይነት የኤስኤቲ ጥያቄ ግን ከክፍት ቦታው በፊት ያለው ሐረግ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ሊለወጥ የሚችለው ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለው ብቻ ነው። በኤሲቲ (በሌላው የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ) ፈተና የሚሰመርበት ሐረጉ ራሱ ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያ አስቀድመው የሚያዩት መስመሩ የት እንዳለ ይሁን።