በአህያዋ ተረት ውስጥ «ሰርዶ» የተባለው የትኛው ሣር ነው?

ጥያቄ፦ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» በሚለው ተረት ሰርዶ የተባለው ማንኛውም ሣር ነው ወይስ ራሱን የቻለ አንድ ዓይነት? ከተማ ስላደግሁ ሰርዶን ከአክርማ መለየት ይቸግረኛል፤ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ ሰርዶ የሣር ሁሉ መጠሪያ አይደለም። በሳይንሳዊ ስሙ ሳይኖዶን ዳክቲሎን የሚባለው፣ በማሳ ዳር፣ በመንገድ ጠርዝና በየግቢው መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚንሰራፋው ሣር ነው። ለመለየት አንዱን ዘንግ ይዞ መሳብ ይበቃል፤ በየአንጓው ሥር ስለሚሰድ በአንድ ጊዜ አይነሣም፣ አንጓ በአንጓ ነው ከመሬት የሚላቀቀው። ዛላው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 የሚሆኑ፣ ከአንድ ነጥብ እንደ ጣት የሚዘረጉ ቀጫጭን ዘንጎች አሉት። ቅጠሉ ከአገዳው በሚለይበት ቦታ ላይ ደግሞ አጫጭር ነጫጭ ፀጉሮች ተሰልፈው ይታያሉ።

ዛላው ብቻውን ግን ያሳስታል፤ አክርማም ሆነ የአክርማ የቅርብ ዘመድ የሆነው ዳጉሳ ጣት መሰል ዛላ ያወጣሉና። አክርማ ግን አይሳብም። በአንድ ቦታ ተጠቅጥቆ የሚበቅል፣ ጠንካራ በመሆኑ ከብት እምብዛም የማይደፍረው፣ ስፌት ለሚሰፉ ሴቶች ግን የሚፈለግ ሣር ነው።

ተረቱ ራስ ወዳድን ለመንቀፍ እንደሚነገር የታወቀ ነው፤ ለእኔ ግን ምጸቱ ያለው በሣሩ ምርጫ ላይ ነው። ሰርዶ ከመሬት በላይም በታችም የሚሄድ ግንድ ስላለው፣ ማረሻ ቢቆራርጠው አንጓ ያለበት ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ገበሬው በበጋ አርሶ ለፀሐይ ካላሰጣው ወይም ለቅሞ ካላወጣው፣ አጠፋሁ ሲል ያራባዋል። አህያዋ እንዳይበቅል የተመኘችው እንግዲህ በሬ ጠምዶ የሚያርሰውን ሰው ያስቸገረውን ሣር ነው።

ጥያቄ፦ አስቸጋሪነቱ ከሆነ ሙጃስ ለምን አልተባለም?

መልስ፦ ሙጃ አስቸጋሪ አረም መሆኑ አያከራክርም፤ ሆኖም ከዘር በቅሎ፣ ዘሩን አራግፎ በዓመቱ የሚደርቅ ነው። ሰርዶ ላዩ በበጋ ቢደርቅም ሥሩ አይሞትም፣ ካፊያ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል። በዚያ ላይ ጭነት የተሸከመች አህያ ሳትቀር በመንገዷ ጎንበስ ብላ የምትነጨው ሣር ስለሆነ፣ ተረቱን በእሷ አፍ ላስቀመጡት ሰዎች ከሰርዶ የተሻለ የሚቀርብ አልነበረም።