ለጣና ዳር ጉዞ ባለ 22 ሪቮልቨር፦ ይያዝ ወይስ ይቅር?

አስጎብኚው፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ጫካ ሲወጣ ትንሽ ባለ 22 ሪቮልቨር ወገቡ ላይ ይታጠቃል፤ ጥይት የሚጎርሰው ከበሮው የሚሽከረከር ሽጉጥ ነው፣ 22 የሚባለውም ጥይቱ 0.22 ኢንች ገደማ ስለሚሰፋ ነው። አረፍ ሲል ደግሞ ባዶ ቆርቆሮ ደርድሮ ዒላማ ይለማመድበታል። እኔም እንግዳ ይዤ ከዓባይ መውጫ እስከ ዘጌ ስዞር ብዙ ጊዜ ይመሽብኛል፤ ጉማሬም ያሰጋኛል። እንደኛ ላለ የመስክ ሠራተኛ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊፈቀድ ይገባል ትላላችሁ?

ዒላማ ወዳዱ፦ በሚገባ! ማካሮቭ የሚባለው ሽጉጥ ባዶውን 730 ግራም ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 317 የሚባለው ባለ 22 ሪቮልቨር ግን አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ 400 ግራም እንኳ አይሞላም፤ 8 ጥይት ይጎርሳል። ሩገር ኤልሲአር የሚባለው ሪቮልቨርም ባለ 22 ከሆነ 8 ይጎርሳል። ሲተኮስ እጅ አይመታም። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን ደግመህ ትስባለህ፣ ቀጣዩ ይመጣል። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ጡረተኛው ወታደር፦ ልጄ፣ ግማሹን ነው የነገርከው። የ22 ጥይት የሚፈነዳው ጠርዙ ሲመታ ነው። ጠርዙ ደግሞ ጠንከር ያለ ምት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቃታው ይከብዳል። ቀላል ሽጉጥ በከባድ ቃታ ስትስብ እጅህ ይወዛወዛል። ለጉማሬ ካላችሁማ እርሱት። ከ1000 ኪሎ በላይ የሚመዝን አውሬ 2.6 ግራም እርሳስ ምን ያደርገዋል? ያስቆጣዋል እንጂ። ደግሞ የአጎትህ ልጅ በሻንጣ ይልክልኛል ብለህ እንዳታስብ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝም ማስገባትም ወንጀል ነው።

ጀልባ ነጂው፦ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ውሃ ላይ የተተኮሰ ጥይት ይሰጥማል የሚል ብዙ ሰው አለ። በጭራሽ! ዝቅ ብሎ የመጣ የእርሳስ ጥይት ውሃ ሲነካ ይነጥራል፤ ልጆች ሆነን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሐይቁ ላይ እንደምናስዘልለው። ወዴት እንደሚዞር ተኳሹም አያውቅም። ያ ትንሽ ጥይት በአየር ላይ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ማለዳ ጉም ሲኖር ደንገሉ መሃል ታንኳ ላይ ጎንበስ ብሎ መረብ የሚስብ ሰው ከሃምሳ ሜትርም አይታይም። እኔ በሞተር ስሄድ እንኳ ስንቴ አጠገባቸው ስደርስ ደንግጬ ሞተሩን አጥፍቻለሁ። ታዲያ እዚያ ዳር ቆርቆሮ ደርድሮ የሚተኩስ ሰው ማንን እየመታ እንደሆነ በምን ያውቃል?

ዒላማ ወዳዱ፦ ይህን እቀበላለሁ ወንድሜ። ወደ ውሃ መተኮስ የለም። ግን ከኋላው የአፈር ጉብታ ያለበት፣ የታጠረ፣ ተቆጣጣሪ ያለው ቦታ ቢኖር? የጆሮ መከላከያም ግዴታ ይሁን፤ ትንሽ ነች ብላችሁ አትናቁ፣ ከአጭር አፈሙዝ ሲወጣ ድምፁ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል።

ወፍ አሳያዋ፦ የታጠረ ቦታ ከሆነ ከዳሩ ይራቅልን። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል። እንግዶቼ ከሌላ አገር የሚመጡት ጸጥታውን ብለው ነው። አንዲት ተኩስ ስትሰማ የጠዋቱ ሥራ አበቃ። እርሳሱ ጭቃው ውስጥ ሲቀር ደግሞ የውሃ ወፍ ከጠጠር ጋር ለቅማ ትመረዛለች።

ዒላማ ወዳዱ፦ እሺ፣ ይራቅ። ፈጽሞ ይከልከል ካላችሁ ግን አልስማማም። በሥርዓት የተማረ ሰው ነው መሣሪያ የሚያከብረው።

ጡረተኛው ወታደር፦ በዚህ ላይ አልቃወምህም። ማሠልጠኛ ይሁን። መንገደኛ ወገብ ላይ ግን አይሁን። ዛሬ በየኬላው ፍተሻ አለ። ሽጉጥ የታጠቀ አስጎብኚ እንግዳውን ሁሉ ይዞ ነው የሚቆመው።

ጀልባ ነጂው፦ የጉማሬውን ነገር እኔ ልንገርህ አስጎብኚው። ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ መንገዱም የታወቀ ነው። በእሱና በውሃው መሃል አትግባ። ጥሩ ባትሪ ያዝ። መንገዱን አንድ ቀን አብረን ዞረን አሳይሃለሁ።

አስጎብኚው፦ እሺ፣ ቅዳሜ እንሂድ። ጋሼ፣ ስለ ኬላው ያሉት እውነት ነው፤ እሱን አላሰብኩበትም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ከእንግዳ ጋር ስሆን 11 ሰዓት ላይ ጀልባውን አዞራለሁ።