ብሊን፦ ምግብ ነው ወይስ ስድብ?

— አብሮኝ የሚሠራ ሩሲያዊ አለ። ስልኩ ሲወድቅበት «ብሊን!»፣ ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍበት «ብሊን!»። ፈልጌ ሳይ ለካ የፓንኬካቸው ስም ነው። ሰው ሲናደድ ምግብ ይጠራል እንዴ?

— እህቴ፣ እኔ ሌኒንግራድ 5 ዓመት ተምሬያለሁ፣ ልንገርሽ። በዚያው ድምፅ የሚጀምር ጸያፍ ስድብ አላቸው። አፋቸው ላይ ደርሶ ሊያመልጣቸው ሲል ጠምዘዝ ያደርጉና ብሊን ላይ ያሳርፉታል። አለቃሽ ፊት ግን ባትሞክሪው ይሻላል።

ምግቡ ከስድቡ ጋር ዝምድና የለውም። ድሮ ስሙ «ምሊን» ነበር፤ መፍጨት ከሚለው ግሥ የወጣ፣ «የተፈጨ» እንደማለት ነው። ወፍጮ ቤቱን «ሜልኒትሳ» የሚሉትም ከዚያው ሥር ነው። «ም» እና «ን» ሁለቱም በአፍንጫ የሚወጡ ድምፆች ናቸውና፣ አንድ አጭር ቃል ውስጥ ሲጎራበቱ የፊተኛው ቀስ በቀስ «ብ» ሆነ። ዩክሬኖች ጋ ሂጂ፣ «ም»ዋ አለች፤ ፓንኬኩ «ምሊኔትስ»፣ ወፍጮው «ምሊን»።

— ጋሼ፣ እንደ እኛ «ዱቄት» ነዋ! ከ«ደቀቀ»።

— አዎ፣ እሱን የመሰለ ነው። እግረ መንገዴን፣ «ብሊኒ» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው። «ብሊኒዎች» የሚል ሰው «መላእክቶች» ከሚለው ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጥ 😄

— እኔ የማውቀው በበዓል እንደሚበሉት ነው። ለምንድነው?

— «ማስሌኒትሳ» ነው፣ ከ«ማስሎ»፣ ከቅቤ። ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ያለው ሳምንት፣ የእነሱ ቅበላ በይው። ግን በዚያ ሳምንት ሥጋ አስቀድሞ ቆሟል፤ የቀረው ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ነው። እንግዲህ ብሊን የሚፈልገው ሁሉ አለ ማለት ነው፣ ትኩሱን ቅቤ እያጠጡ ሳምንቱን ሙሉ ይጋግራሉ። በእርሾ የቦካው፣ በተለይ ባክዊት የሚባለው እህል ዱቄት ያለበት፣ ከስሱ ይልቅ ለእኔ ይጥመኛል፤ ኮምጠጥ ይላል፣ እንጀራ ናፍቆን ለነበርነው መድኃኒት ነበር።

— «የመጀመሪያው ብሊን ይጓጉላል» የሚሉትስ? ማሟሻ ማለት ነው?

— ተቀራራቢ ነው። ምጣዱ ገና ሳይሞቅ የፈሰሰው ሊጥ ይጨማደዳል፣ ስለዚህ ሥራ ጀምሮ ለተበላሸበት ሰው «አይዞህ» ማለታቸው ነው። የእኛ ማሟሻ ግን ምጣዱን ለማለስለስ ታስቦ ነው የሚጋገረው፣ ማንም አያዝንበትም። እነሱ የመጀመሪያውም እንዲያምርላቸው ይፈልጋሉ፣ እምቢ ይላቸዋል እንጂ።

— ያኔ ነዋ «ብሊን!» የሚሉት።