ጌም ስከፍት ድርግም የሚል ኮምፒውተር፤ በምን ልፈትነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቻለሁ፤ ራይዘን 5 3600 ሲፒዩ፣ 16 ጂቢ ራም፣ አርኤክስ 580 ግራፊክስ ካርድ። ዎርድና ዩቲዩብ ላይ ምንም አይለውም። ጌም ስከፍት ግን ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይልና ራሱ ተመልሶ ይነሳል። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ምን የለ። ሲኔቤንች አር23 የሚባለውን መፈተኛ ፕሮግራም ሞከርኩ፣ ጨርሶ ነጥብ ሰጠኝ። ሻጩ ደግሞ «ዊንዶውስ ቀይርበት» ይላል። የቱ ዕቃ እንደሆነ እንዴት ልወቅ? ስትረስ ቴስት (ዕቃውን አስጨንቆ መፈተን) ያቃጥላል ሲሉ ሰምቼ ፈርቻለሁ።

መልስ 1፦
ዊንዶውሱን ተወው ወንድሜ። አር23 የሚያስጨንቀው ሲፒዩውን ብቻ ነው፤ ካርዱን ገና አልነካኸውም። መጀመሪያ ኤችደብሊው ኢንፎን ጭነህ ሙቀቱን የሚያሳየውን መስኮት ክፍት አድርገህ ተወው፣ ከዚያ ካርዱን የሚያስጨንቀውን ፈርማርክን ለብቻው አስነሳ። ስለ መቃጠል አትስጋ፤ የ3600 ጣሪያው 95 ዲግሪ ነው፣ እዚያ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ግን አስነስተኸው ቡና ልትጠጣ እንዳትወጣ!

መልስ 2፦
ያለ ሰማያዊ ስክሪን ድርግም ካለ እኔ ፓወር ሰፕላዩን (ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ነው የምጠረጥረው። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ፤ ትልቁን የዋት ቁጥር ሳይሆን 12 ቮልት በሚለው ስር ስንት አምፔር እንዳለ። «500 ዋት» የሚል ተለጥፎበት 12 ቮልቱ 20 አምፔር ብቻ ከሆነ፣ ለሲፒዩውና ለካርዱ የሚደርሰው 240 ዋት ነው፤ ሌላው ለወሬ ነው። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ላይ ከርነል ፓወር 41 የሚል ታገኝ ይሆናል፤ እሱ በሥርዓቱ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ለምን እንደጠፋ አይነግርህም።

ጠያቂው፦
ፈርማርክን ለብቻው ለቀቅኩት። ካርዱ 74 ዲግሪ ላይ ቆመ፣ አልጠፋም። አሁን ይባስ ግራ ገባኝ።

መልስ 2፦
ምንም ግራ አያጋባም። ፈርማርክ እየሄደ ሲፒዩውን የሚያስጨንቀውን ፕራይም95ን፣ ስሞል ኤፍኤፍቲ የሚለውን ምርጫ ይዘህ ጨምርበት። ለየብቻ ችለው አብረው ካቃታቸው ነገሩ ፓወር ሰፕላዩ ጋ ነው። መብራት በሚወዛወዝበት ሰዓት ግን አትሞክር፣ ውጤቱ ይምታታብሃል።

መልስ 3፦
ራሙንም አትርሱት እንጂ። ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ አድርገህ ከሱ አስነሳና ማታ ለቀኸው ተኛ። ጠዋት አንድ ስህተት እንኳ ካሳየህ ራሙ ጤነኛ አይደለም። ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው የባዮስ ምርጫ) በርቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አጥፍተህ ድገመው።

ጠያቂው፦
ራሙ ንጹህ ነው። ሁለቱን አብሬ ሳስነሳ ግን ደቂቃ እንኳ አልቆየም፣ ጭጭ! ወረቀቱ ላይ 12 ቮልት 18 አምፔር ይላል።

መልስ 2፦
በቃ ተገኘ። 18 አምፔር 216 ዋት ነው። ካርዱ እስከ 185 ይፈልጋል፣ 3600ው ሲጨነቅ 88 ገደማ፤ ከየት ይምጣ? ዊንዶውስ ቢቀየር ምን ሊያደርግ ነበር? አዲስ ፓወር ሰፕላይ ስትገዛ ወረቀቱን ሳታነብ ብር እንዳታወጣ። ካርዱ ላይ የምትሰካው ገመድም ከራሱ ከፓወር ሰፕላዩ የወጣ ይሁን፤ በሞሌክስ (የድሮው ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት) መቀየሪያ የተቀጠለ ከሆነ እሱንም ጣለው።